ለተኛ ሰው የሚቀርብ ጥያቄ
በአከርካሪ ቀዶ ሕክምና ጊዜ የነርቭ ሥራ እንዴት ይለካል?

አንድ ሐኪም የታካሚውን እግር ደህንነት ለማወቅ ሲፈልግ ቀላሉ መንገድ «እስቲ የእግርህን ጣቶች አንቀሳቅስ» ብሎ መጠየቅ ነው። ታካሚው ሰምቶ ካንቀሳቀሰ፣ ከአንጎል ተነሥቶ በጀርባ አጥንት ውስጥ በማለፍ እስከ እግር ጣት የሚደርሰው የነርቭ መስመር ደህና መሆኑ በአንድ ጊዜ ይታወቃል። ይሁን እንጂ ይህ መስመር ለከፍተኛ አደጋ በሚጋለጥበት በቀዶ ሕክምናው ሰዓት ታካሚው በማደንዘዣ ተኝቷል፤ አይሰማም፣ አይመልስም። የአከርካሪ አጥንትን የሚያቃኑ ሐኪሞችን ለብዙ ዓመታት ያስጨነቃቸው ችግር ይኸው ነበር። የተኛን ሰው እግሩ ይሠራ እንደሆነ እንዴት መጠየቅ ይቻላል?

የዚህ ጥያቄ መልስ የተገኘው ከሕክምና ትምህርት ብቻ አይደለም። በፊዚክስ ቤተ ሙከራ ውስጥ ዘወትር የምንጠቀምበት አንድ ሐሳብ ታላቅ ድርሻ አለው፤ ይኸውም ደካማ ምልክትን ከብርቱ ሁከት ለይቶ የማውጣት ዘዴ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ዘዴ በቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ፣ ምን ያህል ሊታመን እንደሚገባውና ወሰኑ የት እንደሆነ ለአንባቢያን ማስረዳት ነው።

አጥንቱና በውስጡ ያለው ገመድ

የጀርባ አጥንታችን አንዱ በሌላው ላይ ከተደረደሩ አከርካሪዎች የተሠራ ነው። በእነዚህ አጥንቶች መካከል ከላይ እስከ ታች የተዘረጋ ቦይ አለ። በዚህ ቦይ ውስጥ የትንሿን ጣት ያህል ውፍረት ያለው ሕብለ ሰረሰር ይገኛል። ከአንጎል ወደ ጡንቻ የሚወርደው ትእዛዝም ሆነ ከቆዳና ከመገጣጠሚያ ወደ አንጎል የሚወጣው ስሜት የሚተላለፈው በዚሁ ገመድ ነው። አጥንት ቢሰበር ይጠገናል፤ የተጎዳ ሕብለ ሰረሰር ግን እንደ አጥንት ራሱን መልሶ አይጠግንም።

አከርካሪዎችን እርስ በርስ አዋሕዶ እንደ አንድ አጥንት የማድረግ ቀዶ ሕክምና የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1911 በኒው ዮርክ ነው። ራስል ሂብስና ፍሬድ አልቢ የተባሉ ሁለት ሐኪሞች በየራሳቸው መንገድ ይህን ሕክምና በዚያው ዓመት ይፋ አደረጉ። በዚያን ጊዜ ዋናው ዒላማቸው በአገራችንም በሚገባ የሚታወቀው የአከርካሪ ቲቢ ነበር። ይህ በሽታ የአከርካሪውን የፊት ክፍል እየበላ አጥንቱ እንዲደረመስና ጀርባው እንዲጎብጥ ያደርጋል። ጉብጠቱና የእግር ሽባነት ተያይዘው እንደሚመጡ የለንደኑ ሐኪም ፐርሲቫል ፖት እ.ኤ.አ. በ1779 ጽፎ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1962 ደግሞ በሂዩስተን፣ ቴክሳስ ይሠራ የነበረው ፖል ሃሪንግተን በተጣመመ አከርካሪ ላይ በመንጠቆ የሚታሰር የብረት ዘንግ ማዘጋጀቱን አሳወቀ። ይህ ዘንግ ጠማማውን አጥንት በኃይል እየሳበ የሚያቃና ነበር። ጥቅሙ ታላቅ ቢሆንም አዲስ ሥጋት ይዞ መጣ። አጥንቱ ሲሳብ በውስጡ ያለው ሕብለ ሰረሰርም አብሮ ይሳባል፤ ደም የሚመግቡት ጥቃቅን ሥሮችም ይወጠራሉ። በእግሩ እየሄደ ሆስፒታል የገባ ሰው ጀርባው ቀንቶ፣ እግሩ ግን ሽባ ሆኖ ሊነቃ ይችላል። ሐኪሙ ጉዳቱን የሚያውቀውም ቀዶ ሕክምናው አልቆ ታካሚው ከእንቅልፉ ከነቃ በኋላ፣ ማለትም ለማረም ጊዜው ካለፈ በኋላ ነበር።

ቀስቅሶ መጠየቅ

የመጀመሪያው መፍትሔ እጅግ ቀጥተኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 ፒየር ስታኛራና የሥራ ባልደረቦቹ በፈረንሣይ አገር በሊዮን ከተማ አንድ ዘዴ አቀረቡ። ዘንጉ ከተወጠረ በኋላ ማደንዘዣውን በማቅለል ታካሚውን በቀዶ ሕክምናው መካከል በከፊል ይቀሰቅሱታል። በመጀመሪያ «እጅህን ጨብጥ» ይሉታል። እጁን ከጨበጠ ደግሞ «አሁን እግርህን አንቀሳቅስ» ይሉታል። እጁ ታዞ እግሩ ካልታዘዘ፣ ችግሩ ያለው በጀርባው መካከል ነው ማለት ነው፤ ዘንጉም ወዲያውኑ ይላላል።

ተማሪዎች የዚህን ፈተና ቅደም ተከተል ልብ እንዲሉት እፈልጋለሁ። ስለ እጅ የሚጠየቀው ለከንቱ አይደለም። እጅም እግርም ካልተንቀሳቀሱ ታካሚው ገና አልነቃ ይሆናል፤ ስለ ሕብለ ሰረሰሩ ምንም ማለት አይቻልም። የእጁ መልስ በሳይንስ የማነጻጸሪያ ሙከራ የምንለው ነው። ያለ እርሱ የእግሩ ዝምታ ትርጉም አይኖረውም።

ዘዴው እስከ ዛሬ ድረስ ያገለግላል፤ ልዩ መሣሪያም አይጠይቅም። ጉድለቱ ግን ግልጽ ነው። ጥያቄው የሚቀርበው አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ አደጋው ደግሞ ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ ሊደርስ ይችላል። ሕፃናትንና መስማት የተሳናቸውን በዚህ መንገድ መጠየቅ ያስቸግራል። ስለዚህ ታካሚው ሳይነቃ፣ ያለማቋረጥ የሚጠየቅበት መንገድ መፈለግ ነበረበት።

በሁከት ውስጥ የተደበቀ ማይክሮቮልት

የነርቭ ሥራ ኤሌክትሪካዊ መሆኑ ከዚያ ቀደም ብሎ ይታወቅ ነበር። የሊቨርፑሉ ሪቻርድ ኬተን እ.ኤ.አ. በ1875 በጥንቸሎችና በዝንጀሮዎች አንጎል ላይ ደካማ የኤሌክትሪክ ፍሰት ማየቱን አስታውቋል። እንግዲያውስ በቁርጭምጭሚት አጠገብ ያለውን ነርቭ በትንሽ የኤሌክትሪክ ምት ብናነሣሣው፣ ምልክቱ በሕብለ ሰረሰር በኩል ወጥቶ አንጎል ሲደርስ በራስ ቅል ቆዳ ላይ ልናየው ይገባል። ከቁርጭምጭሚት እስከ አናት ያለውን መንገድ 1.5 ሜትር ያህል ብንለው፣ ምልክቱ በ38 ሚሊሰከንድ ገደማ ይደርሳል። አካፍለን ስናየው ፍጥነቱ በሰከንድ 40 ሜትር ያህል ነው።

ችግሩ የምልክቱ ትንሽነት ነው። በራስ ቅል ላይ ከፍታው አንድ ማይክሮቮልት፣ ማለትም የአንድ ቮልት ሚሊዮንኛ ያህል ብቻ ነው። አንዲት የእጅ ባትሪ ድንጋይ 1.5 ቮልት እንደምትሰጥ ስናስብ የምልክቱ ደካማነት ይገባናል። በሌላ በኩል የአንጎሉ የራሱ የዘወትር እንቅስቃሴ ከዚህ በአሥርና ከዚያም በላይ እጥፍ የሚበልጥ ቮልቴጅ ያመነጫል። በዚህ ላይ የቀዶ ሕክምና ክፍሉ መብራት፣ የታካሚው ማሞቂያና ደም ማቆሚያው የኤሌክትሪክ ቢላዋ አሉ። በእነዚህ ሁሉ መካከል አንድ ማይክሮቮልትን መፈለግ በመርካቶ ግርግር መካከል የአንድ ሕፃን ሹክሹክታ ለመስማት እንደመሞከር ነው።

ይህን ችግር በመፍታት ረገድ ስሙ የሚነሣው በለንደን ይሠራ የነበረው ጆርጅ ዳውሰን ነው። ዳውሰን እ.ኤ.አ. በ1947 የብዙ ምቶችን ምላሽ በአንድ ፎቶግራፍ ላይ ደራርቦ በማንሣት ምልክቱን አሳየ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ምላሾቹን የሚደምር መሣሪያ ሠራ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ምልክቱ ከእያንዳንዱ ምት በኋላ ሁልጊዜ በዚያው በ38ኛው ሚሊሰከንድ ይመጣል፤ ሁከቱ ግን አንድ ጊዜ ወደ ላይ፣ ሌላ ጊዜ ወደ ታች ይላል። የብዙ ምቶችን ምላሽ ደምረን አማካዩን ስንወስድ ምልክቱ ባለበት ይቆያል፤ የዘፈቀደው ሁከት ግን እርስ በርሱ እየተጣፋ በምቶቹ ቁጥር ስኩዌር ሩት ልክ ይቀንሳል።

በቁጥር እንመልከተው። ምልክቱ 1 ማይክሮቮልት፣ ሁከቱ 10 ማይክሮቮልት ይሁን። ከ100 ምቶች በኋላ ሁከቱ ወደ 1 ማይክሮቮልት ይወርዳል፤ ምልክቱና ሁከቱ ገና እኩል ናቸው። ከ400 ምቶች በኋላ ሁከቱ 0.5 ይሆናል፤ ምልክቱ ብቅ ይላል። ምልክቱ የሁከቱን አራት እጥፍ እንዲሆን ከፈለግን ግን 1600 ምቶች ያስፈልጉናል። በሰከንድ 4.7 ምት ብንሰጥ 400ው ምት 85 ሰከንድ ይወስዳል፤ 1600ው ደግሞ ስድስት ደቂቃ ሊሞላ ጥቂት ሰከንዶች ይቀሩታል። በቤተ ሙከራ ውስጥ ስድስት ደቂቃ ምንም አይደለም። ደም ለተቋረጠበት ሕብለ ሰረሰር ግን ብዙ ነው። ስለዚህ የክትትል ባለሙያው ጥርት ያለ መልስ ዘግይቶ ከማግኘትና ደብዘዝ ያለ መልስ ቶሎ ከማግኘት ዘወትር መምረጥ አለበት።

አንባቢ «በሰከንድ 4.7 ምት ለምን? አምስት ቢሆን አይቀልም ነበርን?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። የዶክትሬት ጥናቴን በአውሮፓ በምሠራበት ጊዜ እኔም ደካማ ቮልቴጆችን እለካ ነበርና በዚሁ ስሕተት ለሁለት ሳምንታት ተሠቃይቻለሁ። የመብራት ኃይል መስመር በአገራችንም ሆነ በአውሮፓ በ50 ኸርዝ ይርገበገባል። በሰከንድ አምስት ጊዜ ከለካን፣ በሁለት ልኬቶች መካከል የመብራቱ ሞገድ በትክክል አሥር ዙር ይዞራል። በመሆኑም እያንዳንዱ ልኬት ሞገዱን በዚያው ደረጃ ላይ ያገኘዋል፤ ስንደምረው ከመጥፋት ይልቅ ራሱን እንደ እውነተኛ ምልክት ያቀርባል። በ4.7 ሲሆን ግን በየምቱ መካከል 10.64 ያህል ዙር ስለሚዞር ደረጃው እየተለዋወጠ ይጣፋል። አማካይ መውሰድ የሚያጠፋው ከጥያቄያችን ጋር እኩል የማይራመደውን ሁከት ብቻ ነው።

በ1970ዎቹ ዓመታት ይህ ዘዴ ወደ አከርካሪ ቀዶ ሕክምና ገባ። በጃፓን እነ ታማኪ፣ በአሜሪካ ክሊቭላንድ ደግሞ እነ ናሽና ብራውን ከፈር ቀዳጆቹ መካከል ይቆጠራሉ። በተለምዶ የምልክቱ ከፍታ ከመነሻው በ50 በመቶ ከወረደ፣ ወይም የመድረሻ ጊዜው በ10 በመቶ ከዘገየ፣ ባለሙያው ማስጠንቀቂያ ይሰጣል።

መልሱ ከጥያቄው አይበልጥም

ዘዴው በሰፊው ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ አንድ አስደንጋጭ ነገር ተስተዋለ። ጥቂት ታካሚዎች ምልክታቸው እስከ መጨረሻው ደህና ሆኖ ሳለ እግራቸውን ማንቀሳቀስ ተስኗቸው ነቁ። መሣሪያው አልዋሸም። የተጠየቀውን በትክክል መልሷል፤ የተጠየቀው ግን ሌላ ነበር።

ከቁርጭምጭሚት ወደ አንጎል የሚወጣው የስሜት ምልክት የሚያልፈው በዋናነት በሕብለ ሰረሰር የኋላ ክፍል ነው። ጡንቻን የሚያዝዘው መስመር ግን በጎንና በፊት ባለው ክፍል ይወርዳል። የደም አቅርቦታቸውም የተለያየ ነው። የፊቱን ክፍል አንድ ዋና የደም ሥር ሲመግበው የኋላውን ሌሎች ሥሮች ይመግቡታል። የፊተኛው ደም ሥር ሲታነቅ የትእዛዙ መስመር ይሞታል፤ የስሜቱ መስመር ግን እየሠራ ይቀጥላል። ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ የሚመጡ መኪኖችን ብቻ የሚቆጥር ሰው ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው የመንገዱ ወገን በናዳ መዘጋቱን ሊያውቅ አይችልም።

ስለዚህ ሁለተኛ ጥያቄ አስፈለገ። እ.ኤ.አ. በ1980 ሜርተንና ሞርተን የተባሉ በለንደን ይሠሩ የነበሩ ተመራማሪዎች የራስ ቅልን ሳይከፍቱ፣ በቆዳው ላይ በሚሰጥ አጭርና ብርቱ የኤሌክትሪክ ምት የአንጎልን የትእዛዝ ክፍል ማነሣሣት እንደሚቻል አሳዩ። ዛሬ በቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ በ2 እና በ4 ሚሊሰከንድ መካከል በሚሆን ልዩነት የሚከታተሉ አምስት ያህል ምቶች በጥቂት መቶ ቮልት ይሰጣሉ፤ መልሱም በእጅና በእግር ጡንቻዎች ላይ ይነበባል። ይህ መልስ ከአንጎሉ ምልክት እጅግ ስለሚበልጥ አማካይ መውሰድ አያስፈልገውም፤ በሰከንድ ክፍልፋይ ውስጥ ይታያል።

ይሁን እንጂ ዋጋ አለው። ምቱ ሲሰጥ የታካሚው ሰውነት ስለሚንቀጠቀጥ ሐኪሙ እጁን ማንሣት አለበት። ምላሱን እንዳይነክስ በጥርሶቹ መካከል ለስላሳ ነገር ይደረጋል። ጡንቻን የሚያዝሉ መድኃኒቶች መቆም አለባቸው። በመተንፈስ የሚሰጡ ማደንዘዣዎች መልሱን ስለሚያዳክሙ አብዛኛውን ጊዜ በደም ሥር የሚሰጥ ማደንዘዣ ይመረጣል።

ሦስተኛው ጥያቄ የሚቀርበው ለብሎኑ ነው። በዛሬው ሕክምና ዘንጉ የሚታሰረው በአከርካሪው ውስጥ በሚገቡ ብሎኖች ነው። ጤናማ አጥንት የኤሌክትሪክ ፍሰትን በቀላሉ አያሳልፍም። ባለሙያው በብሎኑ ላይ ፍሰት እየጨመረ ይልካል። ብሎኑ ዙሪያውን በአጥንት ከተሸፈነ አጠገቡ ያለውን ነርቭ ለማነሣሣት ብዙ ፍሰት ያስፈልጋል፤ በወገብ አካባቢ ከ10 ሚሊአምፔር በላይ ከሆነ በአብዛኛው ያረጋጋል። በጥቂት ሚሊአምፔር ብቻ የእግሩ ጡንቻ ከዘለለ ግን ብሎኑ የአጥንቱን ግድግዳ ሳይበሳ አልቀረም፤ ወጥቶ መታየት አለበት።

መስመሩ የወረደ ዕለት

እ.ኤ.አ. በ2013 በሆስፒታል ውስጥ በዚህ ሙያ የተሰማራች አንዲት ወዳጄ፣ ስለ 50 ኸርዙ ምሬቴን ስታውቅ «መጥተህ የእኔን ሁከት እይ» ብላ ጋበዘችኝ። ተፈቅዶልኝ ከመቆጣጠሪያው ጀርባ ቆምኩ። ታካሚዋ አከርካሪዋ ወደ ቀኝ እጅግ የተጣመመ የ13 ዓመት ልጅ ነበረች። በሆዷ ተደፍታ ተኝታለች፤ ከእኛ በኩል የሚታየው የእግሯ ጫማ ብቻ ነበር።

ለሦስት ሰዓታት ያህል መስመሮቹ አልተለወጡም። ሐኪሙ ዘንጉን አስሮ ማቃናት ከጀመረ ጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ግን የግራ እግሩ የስሜት ምልክት ወደ ግማሽ ወረደ። ወዳጄ ወዲያውኑ የትእዛዙን መስመር ጠየቀች። ሁለቱ እጆች መለሱ፤ ቀኝ እግር መለሰ፤ ግራ እግር ዝም አለ። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ግራ እግር ጠፍቷል፤ እጆች ደህና ናቸው» አለች። ይህች አጭር ዐረፍተ ነገር የስታኛራን ፈተና በሙሉ በውስጧ ይዛለች። እጆቹ ስለመለሱ ማደንዘዣውን ወይም ሽቦውን መወንጀል አይቻልም ነበር።

ሐኪሙ መሣሪያውን አስቀመጠ። የማደንዘዣ ባለሙያው ወደ ሕብለ ሰረሰሩ ብዙ ደም እንዲደርስ የደም ግፊቷን ከፍ አደረገ። ዘንጉ ላላ። ከዚያ በኋላ የቀረው መጠበቅ ብቻ ነበር፤ በየደቂቃው ይጠየቃል፣ መልስ የለም። በአሥራ ሁለተኛው ደቂቃ ከግራ እግር አንዲት ትንሽ ሞገድ ታየች፤ ቀጥሎም አደገች። ሐኪሙ ዘንጉን መልሶ አጠበቀ፤ ነገር ግን ቀድሞ ካሰበው ባነሰ መጠን። የልጅቷ ጀርባ ሙሉ በሙሉ አልቀናም። ማታ ስትነቃ የሁለቱንም እግሮቿን ጣቶች አንቀሳቀሰች።

የመሣሪያውና የሰው ድርሻ

ከዚህ ታሪክ ተነሥቶ መሣሪያው ልጅቷን አዳናት ማለት ይቀልላል። ነገር ግን መሣሪያው መስመር ከማሳየት ያለፈ አልሠራም። የምልክት መውረድ ከቀዘቀዘ እግር፣ ከወረደ የደም ግፊት፣ ከማደንዘዣ ለውጥ ወይም ከተነቀለ ሽቦ ሊመጣ ይችላል። እነዚህን ሁሉ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ የሚለየው የሠለጠነ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመና ከ51,000 በላይ ቀዶ ሕክምናዎችን የሸፈነ አንድ ጥናት እንዳመለከተው፣ በክትትል ሥራ ብዙ ልምድ ባላቸው ቡድኖች እጅ የደረሰው የነርቭ ጉዳት ጥቂት ልምድ ባላቸው ቡድኖች እጅ ከደረሰው በግማሽ ያነሰ ነበር።

ጉዳዩ ከእኛ የራቀ አይደለም። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት የቲቢ ሸክም ይከብዳቸዋል ብሎ ከዘረዘራቸው አገሮች አንዷ ናት፤ ከዚህም የተነሣ አከርካሪያቸው የጎበጠ ልጆች አሉ። ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በአዲስ አበባ በሚሠሩት በዶክተር ሪክ ሆድስ አማካይነት ብዙ ኢትዮጵያውያን ታካሚዎች ወደ ጋና ተልከው በዶክተር ኦሄኔባ ቦአቼ-አጄይና በባልደረቦቻቸው ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸዋል። እንዲህ ያለ ብርቱ ጉብጠት ሕብለ ሰረሰሩ ለአደጋ እጅግ ከሚጋለጥባቸው ሁኔታዎች አንዱ ነው። ይህን ሕክምና በአገር ውስጥ ማስፋፋት ማለት ሐኪሞችን ብቻ ሳይሆን፣ ከመቆጣጠሪያው ጀርባ የሚቆሙትንም ማሠልጠን ማለት ነው። ይህ ሥራ ፊዚክስን፣ ሥነ ሕይወትንና ኤሌክትሮኒክስን በአንድነት ለተማረ ወጣት ክፍት ነው።

ተማሪዎች በቤተ ሙከራ ውስጥ አንዱን ልኬት አሥር ጊዜ እንዲደጋግሙ ሲታዘዙ ብዙውን ጊዜ ያጉረመርማሉ። የማነጻጸሪያ ሙከራውንም የሪፖርት ማሟያ አድርገው ያዩታል። ለእነርሱ የምለው ይህን ብቻ ነው፤ የዚያች ልጅ ግራ እግር ዝም ባለበት ሰዓት በክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሰዎች የተማመኑት በእነዚሁ ሁለት ነገሮች፣ በመደጋገምና በማነጻጸር ነበር።